የእድሩ ስልክ

ነቢላ የወላጆቿን ቤት ደወል ስትጫን ጋሽ ሰይፈ ገብርኤል መስኮታቸው አጠገብ ተቀምጠው ነበር።

ዕለቱ ዓርብ ነው፤ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር የ2014 የካቲት ወር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል ገደማ። ጀርመን አገር፣ ጻይልስሃይም በሚባል ሰፈር ባለው ባለ አራት ፎቅ ቤት እሳቸው አንደኛ ፎቅ ይኖራሉ፤ የነቢላ ወላጆች ሦስተኛው ላይ። ልጅቷ ሰባት ዓመቷ ነው። የትምህርት ቤት ቦርሳዋ ከጀርባዋ ይሰፋል። ደወሉን ተጫነች፣ ጠበቀች፣ ደግማ ተጫነች። የሚከፍትላት የለም። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሄዳ ቀና አለች። የምታየው የእናቷን መስኮት ነበር። ዐይኗ ወደ ታች ሲመለስ ከጋሽ ሰይፈ ዐይን ጋር ተገጣጠመ።

ጋሽ ሰይፈ መጋረጃውን ሳቡት።

ልጅ የሚጠሉ ሰው አይደሉም። ከዚያ ቤት ጋር ግን ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላምታ የለም። ደረጃ ላይ ሲገናኙ የልጅቷ እናት ኸይሪያ ወደ ግድግዳው ትጠጋለች፤ እሳቸው ወደ መደገፊያው ብረት። ልጇን አናግረው ነገ "ልጄን ምን አሏት?" የሚል ጣጣ እንዲመጣ አልፈለጉም። እናቷ አሁን ትደርሳለች አሉ በልባቸው። ጋዜጣቸውን አነሱ። ትንሽ ቆይተው መጋረጃውን ገለጥ ሲያደርጉ በሩ ላይ ማንም የለም። ገብታለች ብለው ተዉት።

የኩርፊያው ምክንያት እድሩ ነው።

ጋሽ ሰይፈ ለትምህርት መጥተው፣ መንግሥት ሲለወጥ መመለሻ አጥተው የቀሩ ናቸው። ኒደርራድ ካሉት ቢሮዎች በአንዱ ሠላሳ ዓመት የሕንፃ ንድፍ ሲስሉ ኖረው ጡረታ ወጡ። እድሩን ከመሠረቱት አንዱ እሳቸው ናቸው፤ ጸሐፊውም እሳቸው። ክርስቲያኑም ሙስሊሙም በአንድ ላይ ነበር። ሰው ሲሞት ጸሐፊው ለአምስት ሰው ይደውላል፤ አምስቱ ደግሞ እያንዳንዳቸው ለሌላ አምስት። በአንድ ሰዓት ጊዜ ከኦፈንባህ እስከ ማይንስ ያልሰማ አይቀርም። ያ ስልክ ለሌላ ጉዳይ ተደውሎ አያውቅም። ለሠርግ አይደወልም፤ ለስብሰባ አይደወልም። ሲደወልም ሞት የሚለው ቃል አይነሳም። "እገሌ ጠንከር አድርጎ አሞታል፤ ወደ ቤቱ ሂዱ" ይባላል። ሰሚው ይገባዋል። ምንም ሳይጠይቅ ጥቁሩን ለብሶ ይመጣል፤ ትልቅ ሰው አፍ እስኪከፍት ድረስም ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ከሁለት ዓመት በፊት አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች ሲታሰሩ፣ ከአባላቱ አንዱ፣ ሐምዳን የሚባል በዋናው ባቡር ጣቢያ አጠገብ ቅመም፣ ፓስታና የስልክ ካርድ የሚሸጥ ነጋዴ፣ እድሩ የተቃውሞ ደብዳቤ ይፈርም ብሎ ጠየቀ። ጋሽ ሰይፈ እድር ፖለቲካ አያውቅም ብለው መለሱ። ሐምዳን አልተከራከረም። በምርጫ ዘጠና ሰባት ጊዜ እድሩ የጻፈውን የተቃውሞ ደብዳቤ ፎቶ ኮፒ ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው። ከታች የጋሽ ሰይፈ ፊርማ አለበት። መልስ ሲያጡ ተቆጡ። ስብሰባው በጩኸት ተበተነ፤ ሐምዳንም ሠላሳ አንድ ቤተሰብ ይዞ ወጥቶ የራሱን እድር አቋቋመ። ጋሽ ሰይፈ የወጡትን ስም ከመዝገባቸው ላይ በማስመሪያ አንድ በአንድ ሰረዙ። የኸይሪያና የባሏ የተውፊቅ ስም አሥራ ሰባተኛው መስመር ላይ ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ በራቸው ተንኳኳ።

ኸይሪያ ናት። ኮቷን አልቆለፈችም፤ ሻርፗ ወደ አንድ ጎን ሸርተት ብሏል።

"ጋሽ ሰይፈ፣ ነቢላን አይተዋታል?"

ሁለት ዓመት ስማቸውን ከአፏ ሰምተው አያውቁም።

"ምነው?"

"የለችም።"

እዚያው በሩ ላይ ቆማ ነገረቻቸው። ለመኖሪያ ፈቃድ የጠዋት ቴርሚን፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ነበራት። እስከ ስድስት ሰዓት ይለቁኛል ብላ ሄዳ እስከ ስምንት ተኩል ቁጥሯ አልተጠራም። መካከል ላይ ለጓደኛዋ ደውላ ልጅቷን ተቀበይልኝ አለቻት። ጓደኛዋ በአውቶብስ እስክትደርስ ስምንት ሰዓት አለፈ፤ በሩ ላይ ልጅ አልነበረም። ትምህርት ቤቷ ዝግ ነው። የክፍል ጓደኞቿ ጋም የለችም። ፖሊስ ፎቶዋን ወስዶ በሰፈሩ ኬሚካል ፋብሪካ በኩል እስከ ማይን ወንዝ ዳር እየፈለገ ነው። ተውፊቅ ኦስትሃፈን መጋዘን ውስጥ ነው የሚሠራው፤ ስልክ ይዞ መግባት ስለማይፈቀድ በአለቃው በኩል ተነግሮት አሁን ከፖሊሶቹ ጋር ወንዝ ዳር ነው። እሷን ቤት ሆነሽ ጠብቂ ብለዋታል።

"ወንዝ ዳር ምን ይፈልጋሉ?" አለች። "ውሃ ትፈራለች።" ከዚያ ደግማ ጠየቀቻቸው። "አላዩዋትም?"

ጋሽ ሰይፈ አፋቸውን ከፈቱ። አይቻታለሁ ማለት ነበረባቸው። በሰባት ሰዓት ተኩል እዚህ ነበረች፣ ደወለች፣ እኔን አየችኝ። ያን ካሉ የሚቀጥለው ጥያቄ ምን እንደሆነ ያውቁታል።

"ልደውል" አሉ።

"ለማን?"

"ለሁሉም።"

ኸይሪያ ፊታቸውን አየች። "የእኛዎቹ የእርስዎን ስልክ አያነሱም።"

"ሐምዳን ያነሳል።"

ሐምዳን በሦስተኛው ጥሪ አነሳ። ሰላም አላለም።

"ጋሽ ሰይፈ፣ ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። የኸይሪያ ልጅ ጠፍታለች።"

ከሐምዳን ኋላ የገበያተኛ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ በር ሲዘጋ ድምፁ ጠፋ።

"እናትየዋ አጠገብዎ ናት?"

"አዎ፣ እዚሁ ናት።"

"ገባኝ" አለ ሐምዳን፣ ድምፁ ወርዶ። "ገባኝ ጋሽ ሰይፈ። ለእኛዎቹ እኔ እነግራለሁ።"

"በየባቡሩ በየትራሙ የሚመላለስ ሰው አለህ። ያያት ካለ ይናገር በላቸው።"

"እሺ፣ እሺ። ይሄን ሁሉ አያስቡ። እናትየዋን ብቻ ለብቻዋ አይተዉአት።"

ደህና ሰው ነው፣ በክፉ ቀን ቂም አልያዘም ብለው ስልኩን ዘጉ። ለራሳቸው አምስት ሰዎችም ደወሉ። አምስቱም ነገር አላበዙም። የእድሩን ዕቃ የሚይዘው ፍስሃየ ብቻ ስንት ሰው እንደሚመጣ ጠየቀ። ጋሽ ሰይፈ በርከት ያለ ቢሆን ይሻላል አሉት። ለፍለጋ መስሏቸው ነው።

ከዚያ ሦስተኛ ፎቅ ወጡ። ኸይሪያ ሳሎን ውስጥ ስልኳን በሁለት እጇ ይዛ ተቀምጣ ነበር። እሳቸውም በሩ አጠገብ ወንበር ስበው ተቀመጡ። በየደቂቃው መናገር አለብኝ ይላሉ፤ በየደቂቃው ሰው እስኪመጣ ይላሉ። ሰው ሲመጣ ደግሞ በሰው ፊት ይከብዳል። ይሄን እያወቁ ተቀመጡ።

አሥራ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አዳነች መጣች። አዳነች የእድሩ ሴቶች አስተባባሪ ናት። ጥቁር ቀሚስ ለብሳ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃለች። ኸይሪያን ትከሻዋ ላይ ስማ፣ አንድ ቃል ሳትተነፍስ ጥግ ይዛ ተቀመጠች። ቀጥለው ሁለት ሴቶች ድስት ተሸክመው ገቡ። ከዚያ ደረጃው ላይ ብረት ሲጋጭ ተሰማ፤ ፍስሃየ ነው፣ የእድሩን ታጣፊ ወንበሮች እያስወጣ። ሃያ አራቱንም አምጥቷል። ኮሪደሩ ላይ እየዘረጋ ደረደራቸው።

ከጥቂት ደቂቃ በኋላ የሐምዳን ሰዎች ደረሱ። ሴቶቹ ሳሎን ውስጥ የተቀመጡትን አይተው ወደ መኝታ ቤቱ አለፉ። ወንዶቹ ወጥ ቤቱን ያዙ። በሁለቱ ወገን መካከል ያለው ኮሪደሩ ብቻ ነው፤ የሚሻገረው የለም። ሁሉም መሬት መሬት ያያል። አንዷ አፍንጫዋን ስትጠርግ ሌላዋ ዐይኗን ጨመቀች።

ኸይሪያ አንዷን አየች፣ ቀጥላ ሌላዋን አየች።

"ምን ሰምታችሁ ነው የመጣችሁት?" አለች።

አዳነች ተነስታ ትከሻዋን አቀፈቻት። ኸይሪያ ከእቅፏ ለመውጣት ታገለች፤ አልለቅ ስትላት ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ይህን ሲያዩ መኝታ ቤት ያሉት ሴቶች ድምፅ አውጥተው ማልቀስ ጀመሩ። ልቅሶው ወደ ሳሎን ተሻገረ። ከሁለት ዓመት ወዲህ ሁለቱ እድሮች በአንድነት ያደረጉት ነገር ይኸው ነበር።

ጋሽ ሰይፈ የሚሆነው ነገር አልገባቸውም። ወደ ኮሪደሩ ወጡ። ሐምዳን ከታጣፊዎቹ ወንበሮች በአንዱ ላይ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ሽበት አውጥቷል። ተነስቶ ወንበሩን ለቀቀላቸውና ወደ ጆሯቸው ጠጋ አለ።

"ጀናዛዋን መቼ እንሰጣለን አሉ?"

"የማንን ሬሳ?"

"ጋሽ ሰይፈ፣ አሁን ከእኔ ምን ይደበቃል? ፖሊስ ቶሎ ካልሰጠ ሰው ልላክ። እኛ አናሳድርም፣ ያውቃሉ።"

"ጠፍታለች አልኩህ እኮ።"

"እንደዚያ እኮ ነው የምንለው።"

ጋሽ ሰይፈ ቆመው አዩት።

"የአባቴ ጊዜ የደወሉልኝ እርስዎ ነዎት" አለ ሐምዳን። "ትንሽ አሞታል፣ ወደ ሱቅ አትሂድ አሉኝ። አባቴ ደሴ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነበር። ይሄን ስልክ ሲደውሉ ለሌላ ነገር ደውለው ያውቃሉ?"

"ያያት ይናገር በላቸው ብዬህ ነበር። አላልካቸውም?"

"እናትየዋ ስላለች ያሉት መሰለኝ" አለ ሐምዳን። ከዚያ ቀስ እያለ ፊቱ ተለወጠ። "አልሞተችም?"

"የት እንዳለች የሚያውቅ የለም። ሞተች ያለም የለም።"

"ያ ረቢ" አለ ሐምዳን፤ ግድግዳውን ተደግፎ። "ሃምሳ ሰው ሰብስበን አስቀመጥን።"

እውነትም ሃምሳ ያህል ሰው ነው። አውቶብስ የሚነዳ አለ፣ ትራም ጣቢያ ላይ ኪዮስክ ያለው አለ፣ ከተማውን ሲያዞረው የሚውል ታክሲ ነጂ አለ። ለፍለጋ ከተማውን የሚያዳርስ ሰው ሁሉ እዚህ ቤት ውስጥ መሬት መሬት እያየ ተቀምጧል። አንዱም ሌላውን አልጠየቀም። ክርስቲያኑ ሙስሊሙ ጉዳዩን ያውቀዋል ብሎ፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑ ያውቀዋል ብሎ ዝም ብሏል።

ጋሽ ሰይፈ በሁለቱ ክፍሎች በሮች መካከል ቆሙ። ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ልቅሶው ረገብ አለ፤ ትልቁ ሰው ሊናገሩ ነው፣ መርዶው አሁን ነው ብሎ ሁሉም ራሱን አዘጋጀ።

"ልጅቷ አልሞተችም" አሉ። "ጠፍታ ነው። የጠራኋችሁ እንድትፈልጉ ነው።"

አንድም ሰው ቀና አላለም። አዳነች እንዲያውም ራሷን በሐዘን ነቀነቀች። ሽማግሌው ለእናቲቱ ሲሉ አሁንም እያለሳለሱ ነው ብላ ነው። ሁሉም የመሰለው እንደዚያ ነው። ጋሽ ሰይፈ ደግመው ተናገሩ፤ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። ይባስ ብሎ አንዲት ሴት ስቅስቅ ብላ አለቀሰች።

ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ሙሉ እውነትን በጨርቅ ጠቅልለው ሲያቀብሉ እንደኖሩ አወቁ። አሁን እርቃኗን ይዘዋት ቢመጡ ማን ያምናቸዋል? የሚታመኑበት አንድ ነገር ብቻ ነው የቀራቸው። እሱን ደግሞ ከአሥር ሰዓት ጀምሮ ሲሸሹት ነው የዋሉት።

"በሰባት ሰዓት ተኩል እዚህ ነበረች" አሉ። "ታች በሩ ላይ። እኔ አይቻታለሁ።"

ኸይሪያ ከምንጣፉ ላይ ቀና አለች።

"ደወሉን ሁለት ጊዜ ደወለች። የሚከፍትላት አጣች። ወደ እኔ መስኮት አየች። ልጅ ናት፣ ብርድ ነው፣ የማላውቃት አይደለችም። መጋረጃዬን ሳብኩት። ከእናቷ ጋር ስለማልነጋገር ሳብኩት። ቅድም እናቷ መጥታ አላዩዋትም ስትለኝም አይቻለሁ አላልኩም፤ አፈርኩ። ያኔ ብናገር ፖሊስ ከወንዝ ዳር ይመለስ ነበር።"

መሬት የሚያየው ሰው ሁሉ አሁን እሳቸውን እያየ ነው። መርዶ ለማለስለስ ብሎ እንዲህ በራሱ ላይ የሚመሰክር ሰው የለም። ስቅስቅ ስትል የነበረችው ሴትም ልቅሶዋን አቆመች።

"እኔ ይሄን አድርጌአለሁ" አሉ ጋሽ ሰይፈ። "ከዚያ በኋላ ያያት ሰው ካለ ይናገር።"

ከሳሎኑ ጥግ የወርቅውሃ ተነሳች። ኒደርራድ ባለ የአረጋውያን ቤት የምትሠራ፣ ወደ አርባ ዓመት የሚጠጋት ሴት ናት። ነጠላዋን ከራሷ ላይ አወረደችው።

"እኔ አይቻታለሁ" አለች። "ለዘጠኝ ሩብ ጉዳይ። ከዋናው ባቡር ጣቢያ ወደ ኒደርራድ በሚሄደው ትራም ላይ። መስኮት ዳር ተቀምጣ ነበር፣ ቦርሳዋ ጭኗ ላይ።"

"ከማን ጋር?" አለች ኸይሪያ።

"ብቻዋን። ብቻዋን ናት ብዬ ልጠይቃት ተነስቼ ነበር። ከዚያ…" የወርቅውሃ ወደ መኝታ ቤቱ አየች። "ከዚያ የእነሱ ወገን ናት፣ እናቷ በልጄ ምን አገባሽ ብትለኝስ ብዬ ተቀመጥኩ። ፌርማታዬ ሲደርስ ወረድኩ። ኋላ አዳነች ስትደውልልኝ፣ አለቀ፣ ከዚያ በኋላ የሆነ ነገር ነው አልኩ። ለእናቷ ልጅሽን ትራም ላይ አይቻት ትቻት ወረድኩ ብዬ ምን ልጨምርባት?"

ኸይሪያ ግን ከዚህ ግማሹን አልሰማችም። ተነስታ ጫማዋን እየፈለገች ነበር።

"ሥራ ቦታዬ ነው የሄደችው" አለች። "በበጋው ዕረፍት ይዣት እሄድ ነበር። በዚያ ትራም። መስኮት ዳር ነው የምትቀመጠው።"

ኸይሪያ ኒደርራድ ውስጥ ሊዮነር ሽትራሰ ላይ ከአሥራ አንድ ሰዓት ጀምሮ ቢሮ ታጸዳለች። ዛሬ በልጅቷ ምክንያት አልመጣም ብላ ደውላለች። ስለዚህ እሷ የምታጸዳው ፎቅ ላይ ዛሬ ለጽዳት የወጣ ሰው የለም። ቤት አጥታ እናቷን ፍለጋ የወጣች ልጅ ሥራ ቦታ ትሄዳለች ብሎ ማንም አላሰበም፤ ሦስት መጓጓዣ መቀየር አለባትና እናቷም አላሰበችም።

የሐምዳን የዕቃ መኪና ታች ቆሟል። ኸይሪያ ከፊት ገባች። ለተውፊቅ ደወለችለት፤ ለፖሊሶቹም እንዲነግር። ጋሽ ሰይፈ በሩ ላይ ቆመው ነበር።

"ይግቡ እንጂ" አለቻቸው። ቁጣ ይሁን ልመና አልለዩትም። ከኋላ፣ ከበርበሬው ካርቶን አጠገብ ገብተው ተቀመጡ።

የዓርብ ማታ መንገድ ነው፤ መኪናው ይሄዳል ይቆማል። ሐምዳን በዐረብኛ የሆነ ነገር ያነበንባል። ኸይሪያ ዞር ሳትል ተናገረች።

"እዚያ ቢሮ ቁጭ ብዬ ስልክ ቁጥርዎን አውጥቼው ነበር። በስምንት ሰዓት። ወርደው ያዩልኛል ብዬ። ጣቴ እምቢ አለኝ።"

ጋሽ ሰይፈ ብትደውይ አነሳ ነበር ለማለት ፈለጉ። እንደሚያነሱ ግን እርግጠኛ አልነበሩም።

"ባትኖርስ?" አለች ኸይሪያ።

"ትኖራለች" አለ ሐምዳን።

"ባትኖርስ ነው የምልህ።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነ።

ሕንፃው በር ላይ አዲስ ዘበኛ ነበር። ሥራ የገባው በአሥር ሰዓት ነው፤ ልጅ አላየም። የቀኑን ዘበኛ ስልክ ደውሎ ጠየቀው። መልሱን ሲሰማ ፊቱ ተፈታ። አዎ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ልጅ መጥታለች፤ በበጋው ያውቃታል፤ እናቷ ላይ ያለች መስሎት በአሳንሰር እንድትወጣ ፈቅዶላታል።

አምስተኛ ፎቅ ላይ ኮሪደሩ ጨለማ ነው። ኸይሪያ መብራቱን ሳታበራ ሮጠች። መጨረሻው ላይ ባልዲና መጥረጊያ የሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል አለች፤ ቁልፏ ከተበላሸ ቆይቷል። በሩን ከፍታ የክፍሏን መብራት አበራች።

ነቢላ ከወረቀት ፎጣው ካርቶኖች ጀርባ የእናቷን የሥራ ካፖርት ለብሳ ተኝታለች። ጫማዋን አውልቃ ጎን ለጎን አድርጋ አስቀምጣዋለች። አፏ ዙሪያ የብስኩት ፍርፋሪ አለ። ብርሃኑ ሲያርፍባት ዐይኗን አሸች።

"ማማ፣ ዱ ቢስት ሽፔት" አለች በጀርመንኛ። አረፈድሽ እኮ ማለቷ ነው።

ኸይሪያ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ልጅቷን ከነካፖርቱ ወደ ደረቷ ሳበቻት፤ ድምፅ የሌለው ልቅሶ መላ ሰውነቷን ናጠው። ልጅቷ በእናቷ ትከሻ በላይ ሁለቱን ወንዶች በመገረም አየቻቸው። ሐምዳን ባልዲ ገልብጦ ተቀመጠና መሳቅ ጀመረ። ሳቁ ከየት እንደመጣ ሳያውቅ እንባው ይወርዳል። ጋሽ ሰይፈ አልገቡም። ከበሩ ውጭ ግድግዳውን ተደግፈው ጠበቁ።

"ይደውሉላቸው እንጂ" አለ ሐምዳን ፊቱን እየጠረገ። "ሃምሳ ሰው እዚያ ተቀምጧል።"

ጋሽ ሰይፈ ለአዳነች ደወሉ።

"ተገኘች" አሏት።

ጸጥ አለ።

"ደህና ናት" አሉ።

"ጋሽ ሰይፈ" አለች አዳነች በቀስታ፣ "እውነቱን ነው የሚነግሩኝ?"

"እውነቱን ነው።"

"እናቷ አጠገብዎ ስላለች አይደለም?"

ጋሽ ሰይፈ ስልኩን ወደ ክፍሏ ዘርግተው ለነቢላ ሰጧት። ልጅቷ ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ "ሃሎ?" አለች። ከወዲያ በኩል እልልታው ሲነሳ ደንግጣ ከጆሮዋ አራቀችው። እልልታው ከሳሎን ይሁን ከመኝታ ቤት መለየት አይቻልም ነበር።

ሲመለሱ ተውፊቅ ጫማው እስከ ቁርጭምጭሚቱ ጭቃ ሆኖ ታች በሩ ላይ ይጠብቅ ነበር። ልጁን ተቀብሎ አቀፋት፤ ምንም ሳይናገር ሦስት ፎቅ ወጣ። ደረጃው ላይ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ልጅቷን በእጁ ነካ ነካ እያደረጋት አለፈች። ሁለተኛ ፎቅ ያሉት ጀርመናዊት አሮጊት ጥቁር የለበሰውን ሰው ሁሉ ሲያዩ ለማጽናናት አበባ ይዘው ወጥተው ነበር፤ የምን እልልታ እንደሆነ ሲነገራቸው አበባውን ለልጅቷ ሰጧት። ለልቅሶ የመጣው ወጥ ድስት ድስቱ ተከፈተ። ከድስቶቹ አንዱ የጾም፣ አንዱ የሐላል ሥጋ ነበር፤ ዓርብ በመሆኑ ክርስቲያኑ የራሱን በላ፣ ሙስሊሙ ከሁለቱም በላ፣ በዚህም ተቀላለዱ። ፍስሃየ ወንበሮቹ ለሐዘን ብቻ ነው የሚወጡት፣ በምን ስም ልመዝግባቸው ብሎ ተጨነቀ። ሐምዳን ይመዝገብና በእኛ እድር ስም ይሁን አለው። ፍስሃየ ወንበሩ የማን ሆኖ ብሎ ተነሳ፤ እንደገና ሊጣሉ ሲሉ አዳነች ለሁለቱም ሳህን አስያዘቻቸው።

ጋሽ ሰይፈ ብዙ አልቆዩም። ሐምዳንን ደረጃው ላይ አገኙት። ስለ ደብዳቤው አንተ ልክ ነበርክ የሚል ቃል አፋቸው ድረስ መጣ። ዛሬ ግን አንድ ኑዛዜ አድርገዋል፤ ሁለተኛው አልወጣ አላቸው።

"ሱቅህን ስንት ሰዓት ትከፍታለህ?" አሉት።

"ለእርስዎ? በሦስት ሰዓት" አለ ሐምዳን።

አንደኛ ፎቅ ደርሰው ቁልፋቸውን ሲያወጡ ከላይ የእግር ኮቴ ሰሙ። ኸይሪያ ናት። ነቢላ እጇን ይዛ ከኋላዋ ትወርዳለች።

"ይቅር ብያለሁ አላልኩም" አለች ኸይሪያ።

"አላልሽም።"

"ሰኞ እንደገና ቴርሚን አለኝ። መቼ እንደሚለቁኝ አላውቅም። በሰባት ሰዓት ተኩል ትመጣለች።"

"እኖራለሁ።"

ነቢላ የእናቷን ቀሚስ ሳብ አደረገች። ይህ ሰውዬ እኮ አያወራም አለቻት፣ በጀርመንኛ፤ ሰውየው የማይሰማ መስሏት።

"ያወራል" አለች ኸይሪያ። "ዛሬ ሲያወራ ሰምቼዋለሁ።"

ጋሽ ሰይፈ ወደ ልጅቷ ዝቅ አሉ። ሰኞ ምን መብላት እንደምትፈልግ በጀርመንኛ ጠየቋት። ነቢላ አሰበች። ፓስታ አለች፣ ግን ቃሪያ የሌለበት፣ ረጅሙ ፓስታ ሳይሆን ጥምዝምዙ።

ቤታቸው ውስጥ ረጅሙም ጥምዝምዙም አልነበረም። ቅዳሜ ጠዋት የሐምዳን ሱቅ በሩን ሲከፍት የመጀመሪያው ገዢ እሳቸው ነበሩ።